የአሜሪካ ጥቁር ጨቅላ ሕፃናት ለምን ቀድመው ይሞታሉ?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ የአመልካቹን ዘር ከግምት እንዳያስገቡ ሲወስን፣ በውሳኔው ያልተስማሙት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን የሐሳብ ልዩነታቸውን በጽሑፍ አስፍረው ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሳይሆን ስለ አራስ ሕፃናት የሚያወራ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ጥቁር አራስ የሚያክመው ሐኪም ጥቁር ከሆነ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል የሚል ነው። ስለዚህ ጥቁር ሐኪሞች መብዛት አለባቸው፤ እንዲበዙ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በር ሊዘጋባቸው አይገባም። ክርክሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ከስሜት አንጻር ያንሰፈስፋል። ከሒሳብ አንጻር ግን አያስኬድም። ጥናቱ የተመለከተው በፍሎሪዳ ሆስፒታሎች ከ1992 እስከ 2015 የተወለዱ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ነው። ከእነዚህ ውስጥ፣ ጥቁርም ይሁኑ ነጭ፣ ከመቶ 99 የሚበልጡት በሕይወት ከሆስፒታል ወጥተዋል። ከመቶ 99 የሆነ ነገር ደግሞ እጥፍ ሊሆን አይችልም። የጥናቱ አዘጋጆች ራሳቸው ያሉት ሌላ ነው። ሐኪሙ ነጭ ሲሆን ከ100,000 ወሊድ ከነጮቹ ይልቅ በ430 የሚበልጡ ጥቁር ሕፃናት ይሞታሉ፤ ሐኪሙ ጥቁር ሲሆን ግን ልዩነቱ ወደ 173 ይወርዳል ነው ያሉት። ከግማሽ በላይ የቀነሰው በሁለቱ ዘሮች መካከል ያለው የሞት ልዩነት ነው እንጂ በሕይወት የመትረፍ ዕድል አይደለም። ስህተቱ የዳኛዋ ፈጠራ አልነበረም። እኛ የሕግ ሰዎች «የፍርድ ቤት ወዳጅ» የምንለው አካል፣ በዚህ ጉዳይ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር፣ ካቀረበው የጽሑፍ አስተያየት ተቀድቶ የገባ ነው። አስተያየቱን ያዘጋጁት ጠበቆች በኋላ ለፍርድ ቤቱ የማብራሪያ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደዋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2024 ጆርጅ ቦርሃስ እና ሮበርት ቨርብሩገን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የፍሎሪዳውን መረጃ መልሰው መረመሩት። የመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች የአራሶቹን የጤና እክሎች በዝርዝር ከሒሳቡ ቢያስገቡም፣ አንዱን ዋና ነገር ዘልለውት ኖሯል፤ ይኸውም ሕፃኑ ሲወለድ ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች መሆን አለመሆኑን ነው። ይህ ሲጨመር የሐኪሙ የቆዳ ቀለም ያመጣል የተባለው ልዩነት አብዛኛው ተነነ፤ የቀረውም በስታቲስቲክስ ሚዛን የሚያነሳ አልሆነም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ1,500 ግራም በታች ሆነው የሚወለዱት ከነጮቹ ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆኑ ከጥቁሮቹ ከመቶ ሦስት ይጠጋሉ። ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጡትን እነዚህን ሕፃናት የሚረከቡት ልዩ ሥልጠና ያላቸው ሐኪሞች ናቸው። ጥቁር ሐኪሞች ከአገሪቱ ሐኪሞች 6 በመቶ እንኳን አይሞሉም፤ ስለሆነም ለሞት የቀረበው ሕፃን በአብዛኛው ነጭ ሐኪም እጅ ላይ ይወድቃል። ሐኪሙ ስለገደለው አልሞተም፤ ሊሞት የተቃረበው ወደ እሱ ስለተላከ ነው።

የጥናቱ መፍረስ በአንድ ወገን ሠርግና ምላሽ ሆነ። «አያችሁ፣ የዘር መድልዎ የሚባለው ሁሉ የቁጥር ጨዋታ ነው» ተባለ። በሌላው ወገን ደግሞ ዝምታ ነገሠ፤ አንዳንዱም ምንም እንዳልተፈጠረ የድሮውን ቁጥር መጥቀሱን ቀጠለ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሁለቱም ጥያቄውን መጠየቅ ካቆሙበት ቦታ ነው ጉዳዩ የሚጀምረው።

ሕግ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ከውል ውጭ ኃላፊነት ሲማር የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት የሚባል ነገር ያጋጥመዋል። ጉዳቱን ያደረሰው የመጨረሻው እጅ ሁልጊዜ የጉዳቱ ምክንያት አይደለም። የፍሎሪዳው ክርክር የመጨረሻውን እጅ፣ የሐኪሙን እጅ፣ ነጻ አውጥቷል እንበል። ታዲያ የሚቀጥለው ጥያቄ መምጣት የለበትም? ጥቁር ሕፃናት በሦስት እጥፍ ያህል እንዲህ አንሰው የሚወለዱት ለምንድን ነው? ከተወለዱስ በኋላ የሚገቡት የትኛው ሆስፒታል ነው?

የችግሩ መጠን ይታወቅ። በ2022 በአሜሪካ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አንደኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ የሞቱት በአማካይ 5.6 ነበሩ። ከነጮች 4.5፣ ከጥቁሮች ደግሞ ወደ 11 የሚጠጉ። ያ ዓመት የአገሪቱ የሕፃናት ሞት ከሃያ ዓመታት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎላ ብሎ ከፍ ያለበት ዓመትም ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱት ከነጮች 9.4 በመቶ ሲሆኑ ከጥቁሮች 14.6 በመቶ ነበሩ። የሁለቱ ወገን የሕፃናት ሞት በመቶ ዓመት ውስጥ እጅግ ወርዷል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከእጥፍ ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ከራሳችን ሕግ አንድ ነገር ላንሳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 4 ላይ የተወለደ ሕፃን 48 ሰዓት ከኖረ ለመኖር የሚችል ሆኖ እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ከዚያ በፊት ከሞተ ግን ለመኖር እንዳልቻለ ይገመታል፤ ሞቱ ከሰውነቱ አፈጣጠር ጉድለት ሳይሆን ከሌላ ምክንያት የመጣ መሆኑን የሚያስረዳ ካልተገኘ በቀር ማለት ነው። አንቀጹ የተጻፈው ለውርስ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ግምቱ የቆመበትን ቦታ ልብ በሉልኝ። ሕፃን ቶሎ ሲሞት ሕጉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የሕፃኑን ገላ ነው። ከውጭ የመጣ ምክንያት አለ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም አለበት።

የአሜሪካ ሳይንስ ስለ ጥቁር ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የያዘው ይህንኑ ግምት ነበር። የፕሩደንሻል የሕይወት መድን ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበረው ፍሬድሪክ ሆፍማን በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ የጥቁሮች ሞት የበዛው በዘራቸው ተፈጥሮ ነው ሲል ደመደመ። (የመድን ኩባንያ ባለሙያ ጥቁሮችን መድን ማስገባት አያዋጣም ለማለት ምን ያህል ምክንያት እንደነበረው አንባቢ ይፍረድ።) ዱ ቦይስ ወዲያው መልስ ሰጠው። በጊዜው በአንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች የነበሩ ነጮች ከአሜሪካ ጥቁሮች በላይ ይሞቱ ነበርና፣ እነሱስ በየትኛው የዘር ጉድለት ነው? ይህ መልስ ከተሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ግምቱ ልብሱን እየቀየረ፣ አንዴ የዘር ውርስ ሌላ ጊዜ ጂን እየተባለ፣ ይመለሳል።

ግምቱን በማስረጃ የመታው ጥናት እኛንም በቀጥታ ይመለከታል። ሪቻርድ ዴቪድ እና ጄምስ ኮሊንስ የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች ከ1980 እስከ 1995 በኢሊኖይ የተወለዱ ሕፃናትን የልደት ምስክር ወረቀት ሰብስበው በሦስት ከፈሉ፤ አሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች፣ አሜሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች፣ አፍሪካ ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱ ጥቁር እናቶች። በ1997 የታተመው ውጤት የነጮቹ ሕፃናት አማካይ ክብደት 3,446 ግራም፣ የአፍሪካውያኑ 3,333 ግራም፣ የአሜሪካ ጥቁሮቹ 3,089 ግራም ሆኖ ተገኘ። አንሰው የተወለዱት ደግሞ በቅደም ተከተል 4.3፣ 7.1 እና 13.2 በመቶ ናቸው። ነገሩ የአፍሪካ ደም ቢሆን ኖሮ ከአፍሪካ በቀጥታ የሄዱት እናቶች የባሰ መውለድ ነበረባቸው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከሄዱ ጥቂት ዓመት የሆናቸው አፍሪካውያን ልጆቻቸው የሚቀርቡት ለነጮቹ እንጂ አሜሪካ ውስጥ ለትውልዶች ለኖሩት ጥቁሮች አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ተሰዳጅ ሁሉ ከአገሩ ሰው ጤነኛና የተሻለ የተማረ ይሆናል የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ተገቢ መቃወሚያ ነው፤ ባሕር አቋርጦ የሚሄደው ደካማው አይደለም። ለዚህ ነው እነዚሁ ሐኪሞች በ2002 ያወጡት ሁለተኛ ጥናት ከመጀመሪያው የሚበልጥብኝ። ቀጣዩን ትውልድ ተከተሉ። የአውሮፓ ተሰዳጆች የልጅ ልጆች ሲወለዱ ከእናቶቻቸው የልደት ክብደት በልጠው ተገኙ። ከአፍሪካና ከካሪቢያን የሄዱት ጥቁሮች የልጅ ልጆች ግን ከእናቶቻቸው አንሰው ተወለዱ። አንዷ ትውልድ ቺካጎ ውስጥ ጥቁር ሆና አድጋ ስትወልድ፣ እናቷ ይዛው የመጣችው ጥቅም መሸርሸር ጀመረ ማለት ነው። ሁለቱም ቤተሰቦች ስደተኞች ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አገር ነው የሄዱት። አንዱን አሜሪካ አሳደገው፣ ሌላውን አሳነሰው።

ይህን ለሜሪላንድ ነዋሪ ለሆነ አንድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ በስልክ ባጫውተው አልተዋጠለትም። «ይኼ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ ልጆቻችንን በሥነ ሥርዓት ነው ያሳደግነው» አለኝ። ብዙ ወገኖቻችን እንዲህ እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት ገዝቶ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ልኮ፣ ራሱን ከአሜሪካ ጥቁሮች ለይቶ የሚቆጥር ሐበሻ ጥቂት አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀቱ እናትየዋ የተወለደችበትን አገር ስለሚመዘግብ የመጀመሪያዋን ትውልድ መለየት ይቻላል። ልጇ ስታረግዝ ግን የትውልድ ቦታዋ ሜሪላንድ ነው፣ ዘሯም «ጥቁር» ነው፤ አለቀ። አዋላጁ የአባቷን አገር አይጠይቅም።

ትምህርትና ገንዘብስ አይከላከልም? የተማረ አንባቢ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ። ከ2007 እስከ 2016 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶች የገቢ ግብር መረጃ ከሕፃናቱ ሞት ጋር ተያይዞ ተጠንቶ ነበር። ከ100,000 ሕፃናት የሞቱት ከሀብታሞቹ ነጭ እናቶች 173፣ ከድሆቹ ነጭ እናቶች 350 ናቸው። ከድሆቹ ጥቁር እናቶች 653። ከሀብታሞቹ ጥቁር እናቶችስ? 437። ሀብታሟ ጥቁር ከድሃዋ ጥቁር በእጅጉ ትሻላለች፤ ገንዘብ ይሠራል። ነገር ግን ከነጮቹ ድሃ እናት ጋር እንኳን አያስተካክላትም።

አርሊን ጀሮኒመስ የተባሉ ምሁር ከ1992 ጀምሮ የሚያቀርቡት ማብራሪያ አለ። በመድልዎ ውስጥ መኖር፣ ሁልጊዜ ነቅቶና ተጠንቅቆ መዋል ሰውነትን ከዕድሜው ቀድሞ ያስረጀዋል ነው የሚሉት። መነሻቸው የገረማቸው አንድ ቁጥር ነበር። የነጭ ሴቶች ልጆች እናቶቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሲወልዱ ይበልጥ ይሞታሉ፣ በሃያዎቹ ሲወልዱ ይሻላቸዋል። በጥቁሮቹ ግን ይህ አልታየም፤ እንዲያውም እናቲቱ በዕድሜ ስትገፋ ባሰ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሰውነት አሠራሩን ለባለሙያ እተወዋለሁ። ይሁንና ማብራሪያው ከካሊፎርኒያውም ከኢሊኖይውም ማስረጃ ጋር ይገጥማል፤ «የዘር ተፈጥሮ» የሚለው ግን ከሁለቱም ጋር ይጣላል።

አሁን ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል እንግባ፤ እኛ በተለምዶ «ማሞቂያ ገባ» የምንለው ቦታ። ኦገስት 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወለደ። 2 ኪሎ ከመቶ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ሳንባው አልበሰለም ነበርና 39 ሰዓት ኖሮ ሞተ። (በእኛ አንቀጽ 4 ቢዳኝ 48 ሰዓቱን አልሞላም።) በዓለም ኃያል የተባለው ሰው ልጁን ሊያድንበት የሚችል ነገር አልነበረም። ዛሬ ያን ያህል የሚመዝን ሕፃን በደህና ሆስፒታል ውስጥ መሞቱ ብርቅ ነው። ታሪኩን የለወጠው በዋናነት ሰርፋክታንት የሚባለው፣ የሳንባን ከረጢቶች ከመጣበቅ የሚያድን መድኃኒት ነው። በአሜሪካ በ1990 ፈቃድ አገኘ።

መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት አንድ እንግዳ ነገር ነበር። እኩል ክብደት ያላቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሲነጻጸሩ ጥቁሮቹ ከነጮቹ በተሻለ ይተርፉ ነበር፤ ሳንባቸው ቀደም ብሎ ይበስላልና። መድኃኒቱ ሲመጣ የነጮቹ ሞት ወረደ፤ የጥቁሮቹ ያን ያህል አልወረደም። በሴንት ሉዊስ ከተማ የተደረገ ጥናት ይህንኑ በ1996 አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ፍትሐዊም አድሏዊም ያልሆነ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱ በይበልጥ የሚጠቅመው ሳንባው ያልበሰለውን ነው። እዚህ ላይ ሴረኛ መፈለግ አያስፈልግም። ሆኖም ለጥቁር ሕፃናት የቀራቸው ብቸኛ ብልጫ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሚለየው ሆስፒታሉ ነው። ኤሊዛቤት ሃውል እና ባልደረቦቻቸው በ2008 በኒውዮርክ ከተማ ሆስፒታሎች እጅግ አንሰው የተወለዱ ሕፃናትን አጠኑ። ጥቁር እናቶች ነጮቹ በሚወልዱባቸው ሆስፒታሎች ቢወልዱ ኖሮ በሁለቱ መካከል ካለው የሞት ልዩነት ከሦስት እጅ አንዱ ይጠፋ ነበር ብለው አሰሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ነው፤ በአንድ የምድር ባቡር መስመር ላይ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ2014 እስከ 2016 በ743 የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎች የተኙ 118,000 ያህል ሕፃናትን ተመልክቶ ጥቁር ሕፃናት በጥራት ደረጃቸው ዝቅ ባሉት ክፍሎች ውስጥ ተሰብስበው አገኛቸው። ማንም በር ላይ ቆሞ «ጥቁር ወደዚያ» አላለም። ሰፈሩ፣ የመድን ዓይነቱ፣ አምቡላንሱ የሚቀርበው ሆስፒታል በየፊናቸው ወስደው ያስገቡታል።

በአንድ ክፍል ውስጥስ? ከ2010 እስከ 2014 በካሊፎርኒያ 134 ክፍሎች የታከሙ 18,616 እጅግ አነስተኛ ሕፃናት ሲጠኑ፣ መደረግ የሚገባው ነገር ተደርጓል ወይ በሚለው መለኪያ ነጮቹ ከጥቁሮቹና ከሂስፓኒኮቹ ይበልጣሉ፤ ለምሳሌ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ለእናቲቱ የሚሰጠው የሳንባ ማብሰያ መርፌ። በውጤት መለኪያ ግን ጥቁሮቹ ከነጮቹ የተሻሉበት ሁኔታ ታይቷል። ይህን የምጠቅሰው ሆን ብዬ ነው። የሚመቸውን ቁጥር ብቻ እየመረጡ ማቅረብ ምን እንደሚያመጣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላይ ተመልክተናልና።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት መሣሪያዎችና ልማዶችም ማንን አስበው እንደተሠሩ መጠየቅ አለበት። ቨርጂኒያ አፕጋር በ1952 የቀመሩትና ዛሬም በዓለም ሁሉ፣ በእኛም ማዋለጃ ክፍሎች፣ የሚሠራበት የአራስ ምዘና ከአምስት ነጥቦች አንዱ የቆዳ ቀለም ነው፤ ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ገላው ሁሉ «ሮዝ» ለሆነ ሕፃን ነው። የእኛ አዋላጆች ከንፈርና ምላስ እያዩ ያስተካክሉታል፤ መጽሐፉ ግን ሮዝ ነው የሚለው። የኦክስጅን መለኪያው፣ ያቺ በሕፃኑ እግር ላይ የምትታሰረው ቀይ መብራት፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የማንበብ ዝንባሌ እንዳላት በአዋቂዎች ላይ በ2020 በታወቀ ጥናት ተረጋግጧል፤ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናትም ላይ፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ታይቷል። ለእነዚህ ሕፃናት ኦክስጅን ሲያንስ አንጎል ይጎዳል፣ ሲበዛ ዓይን ይጠፋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መሣሪያው በተለያየ የቆዳ ቀለም እንዲፈተሽ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ ያወጣው በጃንዋሪ 2025 ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የእኔ ሙያ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሂል በርተን የተባለው የ1946 ሕግ በፌዴራል ገንዘብ ሆስፒታሎች እንዲሠሩ ሲፈቅድ «ተለያይተው ግን እኩል» የሚል አንቀጽ ነበረው። በዚያ ገንዘብ ጥቁር የማይቀበሉ ሆስፒታሎች ተሠሩ። በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማ ጆርጅ ሲምኪንስ የሚባሉ ጥቁር የጥርስ ሐኪም፣ ከሌሎች ሐኪሞችና ሕሙማን ጋር ሆነው ከሰሱ። በ1963 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1964 ጉዳዩን አልመለከትም በማለት ውሳኔውን አጸናው። በዚያው ዓመት የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ፤ ምዕራፍ 6ም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም በዘር እንዳያዳላ ከለከለ። በ1966 ሜዲኬር ሲጀመር መንግሥት በሩን ያልከፈተ ሆስፒታል ገንዘብ አያገኝም አለ። መቶ ዓመት ያልፈረሰው ግድግዳ በወራት ውስጥ ፈረሰ።

ውጤቱን የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በሚሲሲፒ ቆጠሩት። ሆስፒታሎቹ ከተከፈቱ በኋላ ከ1965 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ከመጀመሪያው ወር ያለፉ ጥቁር ሕፃናት ሞት በፍጥነት ወረደ። ያዳናቸው ረቂቅ ቴክኖሎጂ አልነበረም። በተቅማጥና በሳንባ ምች ይሞቱ የነበሩ ሕፃናት አልጋ አገኙ፣ ጉልኮስ ተሰቀለላቸው። ተፈጥሯዊ ነው ሲባል የኖረው ሞት የበር ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

ያ በር የተከፈተው የማግለሉ ሐሳብ በግልጽ የተጻፈ ስለነበረ ነው። ዛሬ የተጻፈ ነገር የለም። ሐሳብ ሳይኖር ውጤቱ ግን ዘር እየለየ የሚጎዳ አሠራርን፣ ተዘዋዋሪ መድልዎ የምንለውን፣ በምዕራፍ 6 መሠረት ግለሰብ ከስሶ ማስቆም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በ2001 በአሌክሳንደር እና ሳንዶቫል መዝገብ ተዘጋ። ጉዳዩ ስለ ሕፃናት አልነበረም፤ አላባማ የመንጃ ፈቃድ ፈተናን በእንግሊዝኛ ብቻ መስጠቷን የተቃወመች ሴት ጉዳይ ነው። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ከሳሽ ሆን ተብሎ መደረጉን ማስረዳት አለበት ተባለ። ተዘዋዋሪውን መድልዎ ሊከታተል የሚችለው መንግሥት ብቻ ሆነ። ኤፕሪል 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተዘዋዋሪ መድልዎ ላይ የተመሠረተ ኃላፊነትን በተቻለ መጠን እንዲተዉ ትእዛዝ ፈረሙ። ሆፍማን መዝገቡን ቢከፍት ደስ የሚለው ይመስለኛል። የማስረዳት ሸክሙ ወደ ሕፃኑ ተመልሷል።

ገንዘቡም ሌላ ነገር ይናገራል። በአሜሪካ ከሚወልዱ እናቶች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑትን፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ ከግማሽ በላዩን፣ የሚሸፍነው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የተቋቋመው ሜዲኬይድ ነው። ሜዲኬይድ ከግል መድን ያነሰ ይከፍላል። የማዋለጃ ክፍል ደግሞ ሌት ተቀን ባለሙያ የሚጠብቅበት፣ ብዙ የማያተርፍ ክፍል ነው። ሆስፒታል ወጪ ሲቀንስ ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው፤ የሚዘጋውም ታካሚዎቹ በሜዲኬይድ በሚታከሙበት ሰፈር ነው።

አንባቢ «እኛ ከ1,000 አራሶቻችን 30 ያህሉን ገና በመጀመሪያው ወር እየቀበርን ስለ አሜሪካ 11 ምን አሳሰበህ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው፤ የእኛ ሐዘን ይበልጣል። በእኛ አገር ግን የሚሞተው ሕፃን የሚሞትበት ምክንያት፣ መንገድና ኦክስጅንና ባለሙያ ማጣት፣ ማንም የማይክደው ነው። የአሜሪካው ሕፃን የሚሞተው ሁሉም ነገር ባለበት አገር ስለሆነ ሰበብ ፍለጋው ወደ ገላው ይዞራል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን የሚወልዱት ደግሞ በዚያ ስሌት ውስጥ ነው።

ለብዙ ወገኖቻችን ቅርብ በሆነችው በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር የሆነባቸው 7ኛ እና 8ኛ ቀጠናዎች አሉ። በአካባቢው የነበረው ብቸኛ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን በ2017 ዘጋ። በዚያው ዓመት በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ያለ ሌላ ሆስፒታልም ማዋለድ አቆመ። ከዚያ በኋላ የእነዚህ ሰፈሮች ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሲይዛቸው ወንዙን ተሻግረው ወይም ሜሪላንድ ገብተው ነበር የሚወልዱት። ከተማው ሲዳር ሂል የተባለውን አዲስ ሆስፒታል፣ የማዋለጃ ክፍል ጭምር ያለው፣ በ8ኛው ቀጠና የከፈተው በኤፕሪል 2025 ነው። ከዋይት ሐውስ በመኪና የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ላለ ሰፈር ከሰባት ዓመት በላይ ፈጅቷል።